ገናን በድሬዳዋ ማሰናዳት፦ ከእንግዳው መጀመር

ከሸመታው ዝርዝር በፊት የሰው ዝርዝር ጻፉ። ገና እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ማደሪያ አጥተው በበረት ያደሩበት፣ ጌታም በግርግም የተኛበት ሌሊት መታሰቢያ ነው። ስለዚህ በገበታው ዙሪያ ማን ይቀመጣል የሚለው፣ ምን ይቀርባል ከሚለው ይቀድማል። በድሬ ደግሞ ነገሩ የማጀትም ጉዳይ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ በሚኖርበት ከተማ እንግዳው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ድስቱም፣ ሥጋውም፣ የግብዣው ሰዓትም አይወሰንም።

ዝርዝሩ ላይ አራት ዓይነት ሰው ይግባ። ቤተሰብና ዘመድ ያው ነው፤ ሳይጠራም ይመጣል። ሁለተኛው ጎረቤት ነው፤ ከስሙ አጠገብ ሙስሊም መሆን አለመሆኑን፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለበትም እሱን ጻፉ። ሦስተኛው መምጣት የማይችለው ነው፤ አራስ፣ ድል ጮራ ሆስፒታል የተኛ፣ አልጋ ላይ የዋለ አዛውንት፣ እስረኛ። አራተኛው ጠሪ የሌለው ነው፤ ለበዓል አገሩ መሄጃ ያጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለገሐሬ አካባቢ የሚውል የቀን ሠራተኛ፣ ከጅቡቲ መንገድ ባዶ እጁን የተመለሰ ወጣት፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ። ከአራተኛው ረድፍ ቢያንስ አንድ ስም ሳይገባ ዝርዝሩን አትዝጉ።

ብዙ ቤት የሚረሳው ሌላም ሰው አለ፤ በዓሉን የምታሰናዳው የቤት ሠራተኛ። ወይ ወደ ቤተሰቧ የምትሄድበትን ቀንና የመንገድ ገንዘብ አስቀድማችሁ ስጧት፣ ወይ በዕለቱ ከገበታው ትቀመጥ። ቀኑን ሙሉ ቆማ ያስተናገደች ልጅ ሥራ ዋለች እንጂ በዓል አልዋለችም።

ቀኑ መቼ ይውላል?

ገና በአብዛኛው ታኅሣሥ 29 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ ከፊቱ ያለው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለሚያደርጋት አዲሱ ዓመት በአንድ ቀን ይገፋልና። ወንጌላዊውን ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 አካፍሉ። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 2020 ሲደመርበት 7520 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ስለዚህ የ2020 ገና ታኅሣሥ 28 ነው። ጾመ ነቢያትም በዚያ ዓመት በኅዳር 15 ፈንታ ኅዳር 14 ይገባል። በየትኛውም ዓመት ከመግቢያው እስከ ዋዜማው 44 ቀን ነው።

የሳምንቱ ቀን ምጣዱንና ድስቱን ስለሚያዝዝ እሱንም ቀድማችሁ እዩ። ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ይበላል። ማግስቱ ዓርብ ሲሆን ግን ጾም ነው። የ2019 ገና ሐሙስ ነው፤ የተረፈው ዶሮ ወጥ ዓርብን ተሻግሮ ቅዳሜ መድረስ አለበት ማለት ነው። በድሬ ሙቀት ይህ ቀላል ስላልሆነ በእንዲህ ያለው ዓመት የሚሠራው ወጥ በዕለቱ የሚያልቅ ብቻ ይሁን። የ2020 ገና ደግሞ ዓርብ ስለሚውል ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ እኩለ ቀን ላይ ጁምዓ ሰላት ላይ ናቸው። ከ8 ሰዓት በፊት ጠርታችሁ «ቀሩብን» አትበሉ። ከ2022 እስከ 2024 ገና ረመዳን ላይ ይደርሳል። የዚያን ጊዜ የምሳ ግብዣው ወደ ኢፍጣር ይዛወራል። በዚያ ወቅት በድሬ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ነውና ምግቡ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ደጃቸው ይድረስ።

ለምሥራቁ ሕዝብ ከገና በፊት የሚመጣ ሌላ ትልቅ ቀንም አለ። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ከመላ አገሪቱ ስለት የሚያደርስ ሰው በድሬ በኩል ያልፋል፤ አልጋም፣ ትራንስፖርትም፣ ሸቀጥም ይወደዳል። በዐሥር ቀን ልዩነት ሁለት በዓል የሚያወጣ ቤት በሁለተኛው ላይ እጁ ባዶ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ስለቱን፣ መንገዱንና እንግዳ ማሳደሩን በአንድ ኪስ፣ ገናን በሌላ ኪስ ለዩ። እንደ በርበሬ፣ ቅቤና ዱቄት ያለው የማይበላሽ ሁሉ ከታኅሣሥ 15 በፊት ይገዛ። ዶሮና በግ ደግሞ ከታኅሣሥ 21 እስከ 24 ባለው ጊዜ፣ የቁልቢ ግርግር አልፎ የገና ግርግር ሳይጀምር ብትገዙ ይሻላል። ቀፊራም ሆነ አሸዋ ገበያ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ለደካማ ኪስ አይሆኑም።

የጾሙ ገንዘብ

ጾም ከምግብ መከልከል ብቻ ከሆነ የተከለከልነው ነገር ዋጋ ኪሳችን ውስጥ ይቀራል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የሚወቅሰው ይህን ጾም ነው፤ እንጀራን ለተራበ መቁረስን፣ ስደተኛውን ወደ ቤት ማስገባትን የጾሙ አካል ያደርገዋል። ዘዴው ቀላል ነው። ጾሙ በገባበት ቀን ክዳኑ የተበሳ ቆርቆሮ አስቀምጡና ለሥጋ፣ ለወተትና ለማኪያቶ ይወጣ ከነበረው በየቀኑ ጣሉበት። በቀን 30 ብር ቢጣል በ44 ቀን 1,320 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከበዓሉ በጀት ጋር አይቀላቀልም፤ የአራተኛው ረድፍ ሰዎች ነው። በዋዜማው ለቤት የጎደለውን ቅቤ የሚሞላ ከሆነ ጾሙን ራሳችን በላነው።

ለተፈናቀለ ቤተሰብ ስትሰጡ ማብሰያ እንዳለው ጠይቁ። ምድጃና ድስት የሌለው ሰው ጥሬ ሥጋ ወይም በነፍሱ ያለ ዶሮ ቢሰጠው ይጨነቅበታል፤ ያለዋጋው ሸጦት ይሄዳል። ለእንዲህ ያለው የበሰለ ምግብ፣ ወይም የተጋገረ እንጀራና ደረቅ ዳቦ፣ ወይም ገንዘቡ ራሱ ይሻላል።

ሁለት ማጀት

ሙስሊም ጎረቤት በክርስቲያን እጅ የታረደ ሥጋ አይበላም፤ ክርስቲያኑም በሙስሊም እጅ የታረደውን እንዲሁ። በድሬና በሐረር ይህ ታውቆና ተከብሮ የኖረ ነገር ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ «ለእነሱ አታክልት ይበቃቸዋል» ሲባል ነው። እኛ የበለጠ የምናምንበት መንገድ ይህ ነው፦ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው በነፍሱ ያለ ዶሮ ወይም እንደ አቅም በግ፣ ከሽንኩርቱ፣ ከዘይቱና ከቅመሙ ጋር ለአንዷ ሙስሊም ጎረቤት ስጡና «እባክሽ፣ ለእናንተ ወገን አንቺ ሥሪልን» በሏት። በእነሱ እጅ ይታረዳል፣ በእሷ ድስት ይበስላል፤ በዕለቱ ሁለት ትሪ አንድ ምንጣፍ ላይ ይቀርባል። እሷም የበዓሉ ባለቤት ትሆናለች፤ ለድካሟ እንጨትና ከሰሉን መቻል የእናንተ ነው።

ይህ ካልተቻለ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን በአዲስ ወይም ሥጋ ነክቶት በማያውቅ ድስት ይሠራ። የሥጋ ድስት አጥቦ ማብሰል አይበቃም፤ ጎረቤቲቱ ብታውቅ አትበላም፤ ሳታውቅ ማብላት ደግሞ እምነትን መስበር ነው። ጭልፋም የየራሱ ይሁን። ሁለቱም ወገን ያለ ጥርጥር የሚበላቸው ነገሮች ስላሉ እነሱን በዛ አድርጉ፦ ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ፓፓያና ብርቱካን፣ ከሐረር ወይም ከድሬው መጋላ ሰፈር የተገዛ ሐልዋ። ቡናው የጋራ ነው።

ድፎ ዳቦው ለ15 ሰው እንዲበቃ 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድና 1.3 ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። በደጋ ሁለት ሰዓት ኩፍ እስኪል የሚጠበቀው ሊጥ ድሬ ላይ በአንድ ሰዓት ይደርሳል። ሰዓት አይታችሁ ሳይሆን ሊጡን አይታችሁ ጋግሩ፤ እጥፍ ሆኖ በጣት ሲጫኑት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። አልፎበት ከወደቀ ይኮመጥጣል፣ ሲጋገርም መሐሉ ይጨማተራል። ኮባ ካልተገኘ የሙዝ ቅጠል ይሠራል፤ እንዳይቀደድ በእሳት ላይ አለስልሱት። ከላይና ከታች እሳት አግኝቶ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ለመጠጥ ጠላ የሚጠምቅ ጠምቆ ይጠጣ፤ በቆላ ሙቀት ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ድፍድፉ ከደጋው ሁለት ሦስት ቀን ዘግይቶ ይግባ። የሙስሊም ጎረቤት ገበታ ላይ ግን ጠላና ጠጅ አይቅረብ፤ ለእነሱ ብርዝ አለ። አንድ እጅ ማር በአምስት እጅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡና በንጹሕ ነጠላ አጥሩ። ብርዝ የበዓሉ ዕለት ጠዋት ይበጠበጥ። ከትናንት ያደረ ከሆነ መፍላት ጀምሯል፤ ያ ደግሞ እነሱ የሸሹት ነገር ነው።

ዶሮ ወጡ

የገና ዶሮ ወጥ ከሌላ ቀን ዶሮ ወጥ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ የምትሠራዋ እናት ጾመኛ ስለሆነች መቅመስ አትችልም። ስለዚህ ልኩ በእጅ ሳይሆን በመስፈሪያ ይያዝ። ለአንድ ዶሮ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 200 ግራም በርበሬ፣ 250 ግራም የተነጠረ ቅቤ፣ አንድ ትልቅ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ መከለሻና 12 እንቁላል ያስፈልጋል። ጨው በማንኪያው ልክ የተስተካከለ 2 የሾርባ ማንኪያ ነው፤ በርበሬው ሲፈጭ ጨው የገባበት ከሆነ ግን አንድ ይበቃል። የጎደለው ሲበላ ይጨመርበታል፤ የበዛው አይወጣም።

ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉና ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ በመካከለኛ እሳት አቁላሉ። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ውሃው ደርቆ፣ መልኩ ቀልቶ፣ ጭልፋው ሲጎተት የድስቱ ሥር እስኪታይ ድረስ አትቸኩሉ። ወጡ በኋላ ሽንኩርቱ ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ ሆኖ የሚያስቸግረው እዚህ ጋ በጠንካራ እሳት ሲጣደፉበት ነው፤ ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከዚያ ግማሹ ቅቤ ይግባ፣ በርበሬውም ይከተል። እንዳያርር የፈላ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ 40 ደቂቃ አብስሉት። ጥሬ የቀረ በርበሬ ነው እንግዳን ቃር የሚያስይዘው። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተወቅጠው በዚህ ሰዓት ይገባሉ።

ዶሮው በ12 ብልት ወጥቶ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ይታጠባል። የሐበሻ ዶሮ እስከ አንድ ሰዓት፣ የፈረንጅ ዶሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ ሁለቱን በአንድ ድስት ካቀላቀላችሁ የፈረንጁ ተበታትኖ አጥንት ይቀራል። ውሃ ሲያስፈልግ የፈላ ብቻ ጨምሩ። የቀረው ቅቤ፣ መከለሻውና ተቀቅሎ ጫር ጫር የተደረገው እንቁላል መጨረሻ ላይ ይገባሉ።

በድሬ ወጥ የሚበላሸው በአብዛኛው ከበሰለ በኋላ ነው። በሙቀቱ ከተከደነ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ አቅርሮ ወደ ወጡ ይመለሳል፣ ሲነጋ ኮምጥጦ ይገኛል። በሁለት ሰፋፊ ድስት ከፍላችሁ፣ ስስ ጨርቅ ብቻ አልብሳችሁ አቀዝቅዙት፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ግን ውጭ አይቆይ፤ ወደ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጅ የሌለው ቤት ቁሌቱን ከዋዜማው አንድ ቀን ቀድሞ ማታ በደንብ አድርቆ ይጨርስና ዶሮውን በዋዜማው ማታ ዘግየት ብሎ ይጨምር። ጠዋት ሲሞቅ እስኪንተከተክ ይሙቅ። እንጀራውም ከዋዜማው አንድ ቀን ቀድሞ ይጋገር፤ በዋዜማው ሁሉም ቤት ምጣድ ስለሚሰካ መብራት ሊዳከም ወይም ሊጠፋ ይችላል።

ቅርጫ

ሰፈሩ ለቅርጫ በሬ የሚገዛ ከሆነ ለ10 ሰው 11 መደብ መድቡ። ዐሥራ አንደኛው የነዳያን ነው፤ ዋጋው ለ10 ተካፍሎ ይከፈላል። ዋናው ነገር ይህ መደብ ከሌሎቹ ጋር ዕጣ ይግባ። ቅንጥብጣቢ ተሰብስቦ «የድሃ» ከተባለ ምጽዋት መሆኑ ቀርቶ ማራገፍ ይሆናል። እያንዳንዱ አባል ቁልፍ ወይም እንጨት ይስጥ፤ ለአስራ አንደኛውም አንድ ምልክት ይጨመርና የማን የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ መደቡ ላይ ያስቀምጥ። እያንዳንዱ መደብ ከሻኛው፣ ከታፋው፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱና ከጨጓራው ሊደርሰው ይገባል።

በሬው ከአንድ ቀን በፊት ተገዝቶ ውሃ ጠጥቶ ይረፍ፤ ተነድቶ መጥቶ ወዲያው የታረደ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይሸታል። በተለይ ጥሬ የሚበላ ካለ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው አይበላ፤ ኮሶ የሚመጣው ከዚያ ነው። ክፍፍሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ይለቅ። ሥጋ በፌስታል ታፍኖ ፀሐይ ላይ ከቆየ በምሳ ሰዓት ጠረኑ ይለወጣል። የተረፈውን በጣት ውፍረት ዘልዝላችሁ ጨውና በርበሬ ነስንሳችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ስቀሉት፤ በድሬ ደረቅ አየር በሦስት አራት ቀን ቋንጣ ይሆናል።

ሌሊቱ

ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ነው፣ ቅዳሴው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይቀጥላል። ሥጋ ወደሙ የሚቀበል ሰው 18 ሰዓት ይጾማል። ቁርባኑ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚደርስ ከሆነ ከዋዜማው ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሮ ውሃም አይቀመስም። እንግዲህ ምድጃ ዳር የምትውለው ሴት ቆራቢ ከሆነች ሙሉ ቀን በእሳትና በውሃ ጥም ትቆያለች። ከባዱ ሥራ፣ የሽንኩርት ክተፋና የዶሮ ማጠቡ፣ ለማይቆርቡት ወንዶችና ወጣቶች ይከፋፈል። ይህን ማስተካከል የቤቱ አባወራ ሥራ ነው። በዓሉን ለአንዲት ሴት አሸክሞ ነጠላ አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተገቢ አይደለም።

ከ44 ቀን በኋላ ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆድ ቅቤ የበዛበት ወጥ መጀመር ሆድ ያውካል። መጀመሪያ ለብ ያለ ተልባ ወይም ቀጭን አጥሚት፣ ከዚያ ጥቂት ዳቦ፣ ወጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይምጣ።

የገና ዛፍን በተመለከተ ክርክር አናበዛም፤ ከውጭ የመጣ ጌጥ ነው፣ ልጆች ይወዱታል፣ ለበዓሉ መሠረት አይደለም። ለጌጥ ብሎ ለጋ ጥድ መቁረጥ ግን ይቅር። ቤቱ ቀጤማ፣ ዕጣንና ጧፍ አለው። ለልጆች ደግሞ ጫፉ የተቆለመመ የገና እንጨትና ከጨርቅ ተጠቅልሎ የተሰፋ ሩር ሥሩላቸው። እንጨቱ ከልጁ ወገብ አይብለጥ፣ ከጉልበት በላይ ማንሳት አይፈቀድ፤ የእንጨት ሩር ለትልልቆቹ ብቻ ይሁን። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሏልና ሜዳው ላይ የሀብታምም የድሃም፣ የሙስሊምም የክርስቲያንም ልጅ ተቀላቅሎ በቡድን ይከፈል።

ገበታው ላይ የሚነሳው ወሬ

በዓል ላይ ሰው ሲሰበሰብ የአገር ነገር ይነሳል፤ ኑሮው፣ ጦርነቱ፣ ማን ተፈናቀለ፣ ማን ተገደለ። ይህን ከገበታ ማባረር አይቻልም፤ አስፈላጊም አይመስለንም። ልደትን የሚተርከው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ራሱ የሄሮድስን ግድያና ወደ ግብፅ የተደረገውን ስደት አብሮ ይዟል። ክርስቲያን የአገሩን ጭንቅ ገበታው ላይ ቢያነሳ ከበዓሉ አልወጣም። የሚያወጣው አነሳሱ ነው።

ስለዚህ ጋባዡ አስቀድሞ ያስብበት። ከእንግዶቹ መካከል ወገኑ ጦርነት ባለበት አካባቢ ያለ ሰው ይኖራል፤ በሰው ፊት «ያንተዎቹስ እንዴት ናቸው?» አይባል። በር ላይ ስትቀበሉት ለብቻው ጠይቁት። ጸሎቱ በሚደረግበት ሰዓት የአካባቢዎች ስም ይጠራ እንጂ የወገን ስም አይጠራ። አንዱ እንግዳ የአንድ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን ስም ይዞ መናገር ከጀመረ ጋባዡ ዝም አይበል፤ «ወንድሜ፣ ይህ ቤት የሁላችንም ነው» ብሎ ወሬውን ማዞር የእሱ ኃላፊነት ነው። ማዞር ካልተቻለ ቡና ይቅረብ፣ ሰዉ ከመቀመጫው ይነሳ፤ የተነሳ ሰው ክርክሩን ለመቀጠል ይቸግረዋል።

የስልኩ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በበዓል ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፣ መስጊድ ተነካ የሚል ቪዲዮ ይዘዋወራል፤ ብዙ ጊዜም የቆየ ወይም የሌላ አገር ሆኖ ይገኛል። ከማጋራታችሁ በፊት የሚከተለውን አድርጉ። የሰዎቹን ልብስና የመሬቱን መልክ እዩ፤ ታኅሣሥ ላይ ክረምት የሚመስል ጭቃና ለምለም ሣር ካለ ጠርጥሩ። የሱቅ ማስታወቂያና የታርጋ ጽሑፍ በምን ፊደል እንደተጻፈ ተመልከቱ። እዚያ አካባቢ ለሚኖር ለአንድ ሰው ደውሉ። ማረጋገጥ ካልቻላችሁ እስከ ማግስቱ ምሽት አቆዩት፤ እውነት ከሆነ ያን ጊዜም እውነት ነው። እውነት ሆኖም ቢገኝ ደግሞ ማን እንዲያየው እንደምትልኩ አስቡ። ሐዘንን ለሚጸልይና ለሚረዳ ሰው መንገር አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ግቢ በሚኖሩ ሰዎች መካከል ቂም መዝራት ሌላ ነው። የሌላውን እምነት የሚሰድብ ስብከት ግን ምንም ዓይነት ማጣራት አያስፈልገውም፤ አይላክ።

ሐዘን ላይ ላለ ቤት «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል የተቀዳ መልእክት በጅምላ አትላኩ። በእግር ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ የያዛችሁትን አስቀምጡ።

ወደማይመጡት መሄድ

ለእስረኛና ለበሽተኛ የሚሄደው ምግብ ከድስቱ ሲወጣ ቀድሞ ይቀነስ እንጂ ከተረፈው አይሁን። ሆስፒታል ከመሄዳችሁ በፊት ነርሷን ጠይቁ፤ የደም ግፊት፣ የኩላሊትና የስኳር ሕመምተኛ የበዓል ወጥ ይጎዳዋል። ለእሱ ያለ በርበሬ፣ ጨው ሳይበዛ የተቀቀለ ዶሮ ከመረቁ ጋር ይያዝ። ለአስታማሚውም አስቡ፤ በሽተኛው ሲጠየቅ እሷ ተርባ የምትውል ብዙ ናት። ማረሚያ ቤት ስትሄዱ የመጠየቂያውን ሰዓት ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ጠርሙስና የብረት ዕቃ በር ላይ ሊመለስባችሁ ስለሚችል በፕላስቲክ ዕቃ፣ ለፍተሻ በሚመች መንገድ ያዙ። ጠያቂ የሌለው እስረኛ አብሮት ስለሚበላ ከአንድ ሰው በላይ የሚበቃ ይሁን።

ወጡ ከቤት ሲወጣ በደንብ የፈላ ሆኖ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይበላ። ከዚያ በላይ መንገድ ካለበት ዳቦ፣ ቋንጣና ፍራፍሬ ያዙ።